በግራ ጆሮው በኩል

«እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ እንዲህ» አለች ሴትዮዋ፣ አንገቷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ። አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎችም ሳይታወቃቸው አብረዋት ዘነበሉ። «በቴሌቪዥን መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እኔን ነበር የሚሰማኝ።»

የሟች ሚስት ሰማቻት። ሴትዮዋን በሕይወቷ አይታት አታውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ቤቱን የሞሉት እንደዚህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሶፋዋ ላይ ተቀምጠው፣ በብርጭቆዋ ሻይ እየጠጡ፣ ባሏ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ያስረዷታል። አንዱማ ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚወድ ነግሯታል፤ ያውም ተሳስቶ።

ጥግ ላይ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ በርቷል። ጣቢያው የድሮ ዝግጅቶቹን እየደጋገመ ስለሚያሳይ፣ ሟች እዚያው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለቀስተኛውን የሚያዳምጥ ይመስላል። አንዳንዴ ሻይ ያልደረሰው እንግዳ መስሏት ብድግ ትላለች። እንቅልፍ ካጣች ወዲህ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ የሚሆን ነው የሚመስላት፤ የሰው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል።

አገር ሁሉ «ጆሯችን» ነበር የሚለው። ልጅ የሞተበትም፣ ከሥልጣን የወረደውም፣ ዝናው የጠፋበት ዘፋኝም ስቱዲዮ ገብቶ እሱ ፊት ከተቀመጠ የሆዱን ዘርግፎ ነው የሚነሳው። ጥያቄ እንኳን እምብዛም አይጠይቅም። «እሺ፤ ከዚያስ?» ይልና ዘንበል ነው። ይህቺን መዘንበል ያልኮረጀ ማን አለ? አስተማሪው ተማሪው ፊት፣ ሐኪሙ በሽተኛው ፊት፣ ጎረምሳው የወደዳት ልጅ ፊት ይዘነብላል። ፎቶ ቤቶችም ሰው ሲያነሱ «እንደ ጆሯችን ይሁን?» ብለው መጠየቅ ጀምረው ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጆሯችን ግራ ጆሮ አይሰማም ነበር። በልጅነቱ ታመመና ደነቆረ፣ በቃ። እንግዳውን ሁልጊዜ በቀኙ የሚያስቀምጠውም፣ የሚዘነብለውም ለመስማት ነው። መጀመሪያ ላይ ከሥራ እንዳያባርሩት ደበቀው፤ ያ ስም ከወጣለት በኋላ ደግሞ በምን አፉ ይናገር?

ሚስቱ ያወቀችው ገና በተዋወቁ ቀን ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ኮት ሊያሰፋ ሱቋ መጣ፤ በግራው ቆማ ትከሻውን እየለካች ብታዋራው ብታዋራው መልስ የለም። «ምን ዓይነቱ ኩራተኛ ነው» ብላ ልታኮርፍ ስትል ዞሮ አያትና ፈገግ አለ። «በዚያ በኩል በሩ ዝግ ነው» አላት። «በወዲህኛው ግቢ።» ሳቀች፤ ገባች፤ እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኮቶቹን ሁሉ የሰፋችው እሷ ናት። ሲዘነብል የቀኝ ትከሻው ዝቅ ስለሚል፣ በዚያ በኩል ገበር ውስጥ ጥጥ ትጨምርለታለች።

ደግ ባል ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ጨዋታውን ሁሉ ስቱዲዮ ጨርሶ ነው የሚመጣው። እራቱን በልቶ «ደክሞኛል የኔ ዓለም» ይልና ወደ አልጋው። አንዴ በቀኝ ጆሮው በኩል ሆና የሆዷን ልታጫውተው ጀመረች። ዘንበል አለላት። «እሺ፤ ከዚያስ?» አላት፣ አገር በሚያውቃት በዚያችው ድምፅ። ክው አለች። በገዛ ቤቷ እንግዳ የሆነች መሰላት። ነገሩን አቋርጣ ሳህን ልታጥብ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ የሆዷን ሁሉ ለግራው ጆሮ አደረገችው። በግራው ትተኛለች፣ ከንፈሯን ታስጠጋለች፣ ታወራለታለች። «ናፍቀኸኛል» ትለዋለች፣ እጇ ላይ የተኛውን ሰው። «ደከመሽ ወይ በለኝ። አንድ ቀን እንኳን።» እሱ ንቅንቅ አይልም። ዓመታቱ በዚሁ ሄዱ። አሁን ሰው ሁሉ ሰምቶኛል እያለ በሚያለቅስበት ቤት ውስጥ፣ አንጀቷን የሚበላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔንስ ሰምቶኝ ያውቃል?

«ተነሺ እንጂ፣ የጣቢያው ሰዎች መጥተዋል» አለቻት የባሏ ታላቅ እህት። ከታዋቂ ሰዎች ማን ለቅሶ ደረሰ፣ ማን ቀረ የምትቆጣጠረው እሷ ናት። «ነጠላ ነገር ጣል አድርጊ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።»

«ይቅርብኝ፣ እታለም።»

«ምን ማለትሽ ነው? የአገር ሰው እኮ ነው!»

የዝግጅቱ ዳይሬክተር የሟችን ትልቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ አስተካክሎ፣ ከፊቱ ወንበር አስቀመጠ። መስታወት ያለበት ፎቶ ነው፤ እዚያም ዘንበል ብሏል። ተቀመጠች። ሽበታሙ የድምፅ ባለሙያ ማይክራፎኑን አንገትጌዋ ላይ ሊያያይዝ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ የግራውን ጆሮ ነገር እኔ አውቃለሁ» አላት በሹክሹክታ።

ቀና ብላ አየችው።

«ዳይሬክተሩ ትእዛዝ የሚሰጥባትን የጆሮ ማዳመጫ የምሰካለት እኔ ነኝ። ቀኙ ለእንግዳው ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በግራው ነበር የምሰካለት። ይኸ ሰውዬ» አለ ዳይሬክተሩን በዓይኑ እያሳየ፣ «ስንት ዓመት ግድግዳ ሲያናግር ነው የኖረው። አቋርጠው፣ ቶሎ በል፣ ሌላ ጠይቅ እያለ ይጮሃል። እሱ ዝም። እንግዳው እንባውን ያወርዳል፣ ዝግጅቱ ይደምቃል። ከዚያ ይኸው ሰውዬ ‹አላልኳችሁም?› ይላል።»

ሳቅ አመለጣት። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት። እህትየው ከወዲያ አፈጠጠችባት።

«አንድ ቀን ግን ማዳመጫዋን ጭራሽ ዝጋልኝ አለኝ። አይሰማህ፣ ምን ቸገረህ ብለው፣ ‹ስትነዝረኝ ደስ አይለኝም። በዚህ ጆሮ ማታ ማታ ሚስቴ ታወራኛለች። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ትንፋሿ ግን ይሰማኛል። ሌላ ሰው እንዲገባበት አልፈልግም› አለኝ።»

የለቀስተኛው ጉምጉምታ ከሩቅ፣ ከሌላ ቤት የሚመጣ መሰላት።

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን ቢጠይቀኝ?» አለች።

«እኔም ብዬዋለሁ። ‹ከጠየቅኳት ትተወዋለች› አለኝ።»

ማይክራፎኑን አያይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። መብራቱ በራ። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህታችን፣ አገር የወደደው ያ መዘንበል ቤት ውስጥም ነበር? እርስዎንም እንደዚያ ያዳምጥዎት ነበር?»

ቅድም «እኔን ነበር የሚሰማኝ» ያለችው ሴትዮ ብርጭቆዋን አፏ ጋ አድርሳ ቀረች።

«ቤት ውስጥ አይዘነብልም ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሺ፤ ከዚያስ?» አለ ዳይሬክተሩ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ።

«ከዚያማ የራሴ ነው።»

ማይክራፎኑን ፈታ ለሽበታሙ ሰውዬ በእጁ አስጨበጠችውና ወደ ፎቶው ዞረች። ልትስመው ነው ብለው ካሜራውን አስጠጉ። አልሳመችውም። በግራው በኩል ቆመች፤ ለዓመታት እንደለመደችው ከንፈሯን ጆሮው ጋ አስጠጋች። ተነፈሰች ብቻ። መስታወቱ ጆሮው ላይ ጉም ለበሰ፤ ጉሙ ከዳር ከዳር መጥፋት ሲጀምር፣ እንደገና ተነፈሰችበት።