ሥራው የቆመበት ሰው

ፊሽካው ሲጮኽ ምሰሶውን የያዙት ስድስት ወንዶች ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

"ማንም እንዳይነቃነቅ! ከላይ ሽቦ አለ! ብረቱን ቀስ ብላችሁ ወደ መሬት መልሱት!"

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ከአብዱልሐሚድ ቤት ደጅ። አብዱልሐሚድ በተኛበት አርፎ አድሯል፤ የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ደግሞ ቀብሩ ሳይደርስ የለቅሶውን ድንኳን ለመትከል ይጣደፋል። ረጅሙን የብረት ምሰሶ ሲያቆሙ የሁሉም ዓይን እግራቸው ሥር ካለው ጉድጓድ ላይ ስለነበር፣ ከማዶ ወደ ቤቶቹ የሚሻገረውን የረገበ የመብራት ሽቦ ያየ አልነበረም። በምሰሶው ጫፍና በሽቦው መካከል የቀረው አንድ ክንድ አይሞላም። ያየችው የሟች ልጅ ዚክራ ናት። አባቷን ለሥራ ልትቀሰቅስ ገብታ ነበር ሞቶ ያገኘችው፤ የሥራ ሰደርያዋን እንኳ አላወለቀችም፤ ፊሽካውም አንገቷ ላይ ነበር።

ለቅሶ ቤት ብዙ ነገር ይፈቀዳል። ይለቀሳል፣ ይበላል፣ ጥግ ተይዞ ሰው ይታማል። ፊሽካ ግን ሆጤ ውስጥ ለቅሶ ላይ ተነፍቶ አያውቅም። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አቋርጠው በር ላይ ተኮለኮሉ፤ አንዷም "ኧረ ልጅቷን ያዟት፣ ሐዘኑ ናላዋን አዞራት!" አለች።

ከስድስቱ አንዱ፣ ሥራውንም የሚመሩት፣ የአብዱልሐሚድ ታላቅ ወንድም ሐጂ ዐቂል ናቸው። ሰኞ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የቅሬው ዳኛም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ያዳምጣል፤ ነገሩ እስከዛሬ በዚህ መልክ ነው የኖረው።

"አንቺ ልጅ!" አሉ፣ ብረቱን ሳይለቁ። "በአባትሽ ቀን ፊሽካ? እኔ ድንኳን ስተክል አንቺ አልተወለድሽም!"

"አውቃለሁ፣ ሐጂ። ቀና ብለው ይዩ።"

ሐጂ ቀና አላሉም። የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ቀና በሉ ስላለቻቸው ብቻ አንገታቸው እንቢ አለ። ሌሎቹ አምስቱ ግን አዩ፤ አይተውም ምሰሶውን ቀስ አድርገው አስተኙት። ድንኳኑ ከሽቦው ርቆ ጎረቤት ግቢ ተተከለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐጂ ከዚክራ ጋር መነጋገር አቆሙ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ለቀስተኛው ከፔርሙስ የተቀዳ ሻይ ይዞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወጋ፣ ፎርማን ሞላልኝ ከኮምቦልቻ መጣ። ኮምቦልቻ ዳር የሚሠራው የጦር ካምፕ ግንባታ ላይ የሟች ባልደረባ ነበር፤ ሟች እዚያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነበር፣ ዚክራም ምክትሉ። የሟችን ቤተሰብ "እግዜር ያጥናችሁ" ካለ በኋላ ዚክራን ወደ በሩ ጠራት።

"ሥራው ቆሟል፣ እህቴ። መቶ ሃያ ሰው ቤቱ ተቀምጧል። ውሉን ታውቂው የለ? ብቁ ሴፍቲ በአካል ሳይኖር አንዲት ሚስማር አትመታም።"

"አውቃለሁ።"

"እስከ ዓርብ ጠዋት ካልተገኘ ኮንትራክተሩ ከሌላ አገር ሰው ያስመጣል። ያን ጊዜ በአባትሽ ቦታ የመግባትሽ ነገር አበቃ። ለመሆኑ የብቃት ወረቀትሽ ምን ጎደለው?"

"አንድ ፊርማ።"

ያንን ቦታ ትፈልገዋለች፤ አባቷ በተቀበረ በማግስቱ እንዲህ አጥብቃ መፈለጓ ደግሞ አሳፈራት። ሠላሳውን ሰዓት የደኅንነት ትምህርት ተምራለች። የመጀመሪያ ዕርዳታውን፣ የከፍታ ሥራውን፣ የጉድጓድ ሥራውን ፈተና አልፋለች። በምክትልነት አንድ ዓመት ከአባቷ ኋላ ኋላ ዞራለች። የቀረችው የቅጹ የመጨረሻ መስመር ናት፦ "ሠልጣኙ አደገኛ ሥራ በራሱ ውሳኔ አስቁሟል። ሥራው የቆመበት ሰው ፊርማ።"

አብዱልሐሚድ ሠራተኛው ሁሉ "ሴፍቲ" እያለ የሚጠራው ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት መቶ ሃያውን ሰው ጣውላ ላይ አስቀምጦ የዕለቱን አደጋ ለአሥር ደቂቃ ይናገራል፤ ሰምቶ ያልፈረመ አይገባም። አንዴ አንድ ሌተና ኮሎኔል ሄልሜት ሳያደርጉ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ አቁሟቸው፣ "ጌታዬ፣ ማዕረግዎ ትከሻዎ ላይ ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ራስዎ ነው" አላቸው። ሰውየው በፀሐይ ቆመው ሄልሜት ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ወታደሮቹ "ጄኔራሉ" ይሉት ጀመር፤ እሱም ስሙን አልጠላውም።

ዚክራን ከፈተና የጣላትም ይኸው ሰው ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ክሬኑ አንድ እስር ፌሮ አንጠልጥሎ ሳለ አብዱልሐሚድ ሆን ብሎ ከሥሩ መራመድ ጀመረ። የክሬኑ ነጂ ፈተና መሆኑን ያውቃል፤ እስሩም በሁለት ሰንሰለት ታስሯል። ዚክራ ይህን አታውቅም። ፊሽካው አፏ ውስጥ ነበር። አየችው፤ ትንፋሿን ሳበች፤ ግን አልነፋችም። አብዱልሐሚድ በሥሩ አልፎ ወጣና ወደ እሷ መጣ።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አባ፣ አንተኮ ነህ! አባት ላይ እንዴት ፊሽካ ይነፋል? የምታደርገውን ታውቃለህ ብዬ ነው።"

"የሞቱት ሁሉ የሚያደርጉትን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር" አላት። "እኔን ያላስቆምሽ ነገ ኮሎኔሉን አታስቆሚም። አጎትሽን አታስቆሚም። አልፈርምም፣ ዚክራ።"

አልፈረመም። እሷም አኮረፈች። ሁለት ወር ሙሉ በሠራተኛ ማመላለሻው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር። ሰኞ ማታም "ደህና እደር" ሳትለው ነው የተኛችው። አሁን ለቅሶ መሃል ከምንም በላይ የሚያንገበግባት ይኼ ነው።

ሐሙስ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ገባች። አዛውንት ሳይቀሩ ብድግ ሊሉ ሲሉ በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው። ሻምበል ነፃነት ናት፤ በግንባታው ላይ የሠራዊቱ መሐንዲስ። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ዱዓው እስኪያልቅ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች፤ ከዚያ ዚክራን አስጠራች።

"አላህ ያጥናሽ፣ እህቴ። በዚህ ሰዓት በመምጣቴ ይቅርታ። ቀነ ገደቡ ነገ ባይሆን አልመጣም ነበር።" ከቦርሳዋ ቅጹን አወጣች። "ይህቺ መስመር ባዶ ናት። አባትሽ ሳይፈርም የተወው ረስቶ ነው?"

ዚክራ አፏን ሳትከፍት ከሻምበሏ ጋር የመጣው ሞላልኝ ከኋላ ተንጠራራ። "ሻምበል፣ ማክሰኞ ዕለት አስቁማለች! ብረት ሽቦ ሊነካ ሲል! ድፍን ሆጤ ምስክር ነው!"

ድንኳኑ አጉረመረመ። "ወላሂ እውነት ነው" አለ ምሰሶውን ይዞ የነበረ አንድ ጎልማሳ። "ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት በእሷ ነው።"

ሻምበሏ ቅጹን አንዴ አነበበችው። "ሕጉ አደገኛ ሥራ ይላል፤ የማን ሥራ እንደሆነ አይልም። ይሠራል።" ቀና ብላ ለቀስተኛውን አየች። "ግን ምስክር አይበቃም። ሥራውን ሲመራ የነበረው ሰው፣ ተሳስቼ ነበር፣ እሷ ልክ ነበረች ብሎ መፈረም አለበት። ማን ነበር የሚመራው?"

ሁሉም ወደ ሐጂ ዐቂል ላለማየት ሲል የሚያየው ነገር ጠፋው፤ ከፊሉ ጣሪያውን፣ ከፊሉ የሻይ ብርጭቆውን አየ። የቅሬ ዳኛ፣ በገዛ ቅሬው ፊት፣ በወንድሙ ለቅሶ፣ ከወንድሙ ልጅ በታች ሊፈርም?

"እስቲ ወዲህ በይው" አሉ ሐጂ ሻምበሏን።

መነጽራቸውን አደረጉ። እያንዳንዷን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ፣ ጨርቅ እንደሚለኩ ሁሉ ሳይቸኩሉ አነበቡ።

"ወንድሜ ይህን ለምን ሳይፈርም ተወው?" አሉ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ዚክራን ያናገሯት የመጀመሪያ ቃል ነው።

መዋሸት ትችል ነበር። "ስላልቻልኩ ነው፣ ሐጂ። በተንጠለጠለ ብረት ሥር ሲሄድ እያየሁ ዝም አልኩ። አባቴ ስለሆነ አፈርኩ።"

"እኔስ? እኔ ምንሽ ነኝ? እኔን አላፈርሽም?"

"በጣም አፈርኩ። ወላሂ እግሬ አልያዘኝም ነበር።" በእጇ ወደ ቤታቸው አመለከተች። "ግን አባቴ እቤት ውስጥ ተገንዞ ነበር። በአንድ ቀን ሁለታችሁንም መቅበር አልቻልኩም።"

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰውም አደረጉ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ዞሩ።

"ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ። ሽቦውን አላየሁም ነበር። እይ ስባልም አላየሁም፤ ኩራት ይዞኝ ነው። ሰው ሁሉ ልጅቷን ያኮረፍኩ መስሎታል። በሰገድኩ ቁጥር ይሄን ብረቱን የያዘ መዳፌን አያለሁ፤ እሱን እያየሁ ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቢስሚላህ፣ እስክሪብቶ ስጡኝ።"

ፈረሙ። ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፉ፤ ቦታው ጠቧቸው ጠርዙ ላይ ወጡ።

"ማሻአላህ!" አለ አንዱ። ሞላልኝ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ አጨበጨበ፤ ሌሎችም ረስተው ተከተሉት። ሻምበል ነፃነት ከሥር ፊርማዋን አኖረችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ለዚክራ ሰጠቻት። "ነገ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የአሥር ደቂቃውን ንግግር የምታደርጊው አንቺ ነሽ። መቶ ሃያ ሰው ይጠብቅሻል።"

"መርሐባ፣ እሺ" አለች ዚክራ። በደስታ ዓለሙ ሁሉ ጠፋት። ከድንኳኑ ወጥታ ወደ ቤታቸው ሮጠች። ሴቶቹን አልፋ፣ ሳሎኑን አልፋ፣ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ገለጠች።

"አባ! ፈረሙልኝ!"

አልጋው ላይ አንሶላ እንኳ አልነበረም። እናቷ ዐሊማ ነጭ ለብሳ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቶቿ በዙሪያዋ ናቸው። ዚክራ ወረቀቱን እንደዘረጋች ቀረች።

ዐሊማ ከተቀመጠችበት ሆና እጆቿን ዘረጋች። ፊደል አትለይም፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀበለቻት፤ ሐጂ የፈረሙበት ቀለም ገና እንዳልደረቀ አይታም እፍ፣ እፍ አለችበት።