ጉንጭ አይዋሽም

አባት ባረፈ ዕለት በሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰው ሠራሽ የግራ እግር ነበር። ከጉልበት በታች የሚጀምር፣ ቁርጭምጭሚቱ የታሰረ፣ ጫማ የገባለት። የቀረው ጉቶው የሚገባበት ቀፎ ብቻ ነው፤ የውስጡ ሁለት ሦስተኛ ለስልሷል፣ አንድ ሦስተኛው ገና ሻካራ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ እንደታጠፈ እዚያው ውስጥ ቀርቷል።

ሴት ልጁ የሥራ ክፍሉን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ሠርታለች። ከእንግዲህ ግን መሣሪያውን ላትነካ፣ ጸሎትም ላትጸልይ ለራሷ ምላለች።

በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞላ። ወንበር ስላልበቃ ግማሹ ቆሟል።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለች አክስቷ ሻይ እያቀበለች። «እግዜር የሚወደውን ነው የሚፈትነው።»

«ታዲያ ትንሽ ቢጠላው ምን ነበረበት?»

አክስቷ «ተይ» ብላ ክንዷን ያዘቻት። እሷ ግን አላቆመችም።

«ለስንቱ እግር ሠራ! እሱ ራሱ ስምንት ወር ከወገቡ በታች በድን ሆኖ ወንበር ላይ ዋለ። ይኼ ምን የሚሉት ፍቅር ነው?» ከለቀስተኛው መሐል ወደ ተቀመጡት ቄስ ዞረች። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ቄሱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አላውቅም፣ ልጄ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።»

አክስት ወደ ማንቆርቆሪያዋ አጎነበሰች።

በዚህ መሐል የክራንች ኮቴ ተሰማ። የመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው እግር የእሷ ነው። አሮጌው ከተሰነጠቀ ወር ሆኖታል፤ ያለ እግር ደግሞ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አትችልም። ስለ አዲሱ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ያ አሮጌው እኮ ከባሌ ይሻል ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ሁልጊዜ አልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው። የት አመሸህ አይባል።»

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች። ሳቁ ግን መንገድ ላይ እንባ ሆነ።

«መጀመሪያ ሲለካኝ አንቺም ነበርሽ። ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። ከመኪና አደጋው በኋላ በሦስተኛው ወር ነው። ልብስ ሰፊዋ ጉቶዋን በሻርፕ ሸፍና፣ «እግዚአብሔር ለምን እንዲህ አደረገኝ?» አለች። አባት ተንበርክኮ ነበር፤ ሲለካ ሁልጊዜ ተንበርክኮ ነው።

«እሱ ዘንድ ስደርስ እጠይቀዋለሁ» አላት። «አሁን የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

ሻርፑ ሲነሣ ልጅቷ ፊቷን አዞረች። በኋላ አባቷ ለብቻዋ ገሠጻት፦ «ጌታ ከሞት ተነሥቶ እንኳ ቁስሉን አልደበቀም። ሰው ቁስሉን ሲያሳይሽ ዐይንሽን አታሽሺ።»

«ይኼኔ አባትሽ ጠይቆታል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጅቷ የሴትዮዋን መዳፍ አየች፤ ክራንቹ ልጦታል። ዐይኗን አላሸሸችም።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት የሥራ ክፍሉን ከፈተች። የብርጭቆ ወረቀቱን በአባቷ እጥፋት ይዛ የቀረውን አንድ ሦስተኛ አለሰለሰች። ከዚያ እሱ ያደርግ እንደነበረው የቀፎውን ከንፈር ወደ ጉንጯ አስጠግታ ዙሪያውን አስኬደችው። «ጣት ደንድኗል፣ ይዋሻል፤ ጉንጭ አይዋሽም» ይል ነበር። አንድ ቦታ ቧጠጣት፤ አለሰለሰችው። እንደገና ስታስጠጋው ቀፎው ረጠበ። እርጥበት ቆዳ ይልጣልና በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው።

በስምንተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ እግሩን አጥልቃ ቆመች። ልጅቷ ሜትሯን ይዛ ተንበረከከች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ልብስ ሰፊዋ አየች፤ አልጠየቀቻትም።

ከበሩ እስከ መስኮቱ አሥራ አራት እርምጃ፣ ያለ ክራንች። በሁለቱ ዳሌዎች መካከል የነበረው የከፍታ ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። አባት እስከ አምስት ይፈቅድ ነበር።