እማማ ተጂቱ ሲግቱና የሄዱ ዕለት

ልጅ ሆኜ፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ሰምቻለሁ። አንደኛው «ታቦቱ ወደ አዲሱ ከገባ በኋላ አሮጌው ቤት ምን ሊባል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ሲመልስ «ቅዳሴ የሰማ ግድግዳ እኮ...» ብሎ መጀመሩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ደወል ይደወል፣ እናቴ ትጥራኝ፣ እንጃ። መጨረሻውን ሳልሰማ ቀረሁ። ብዙ ዓመት አልፎ፣ በበረዶ ውስጥ፣ ያንኑ ጥያቄ ሌላ ሰው ጠየቀኝ።

ነገሩ በ2006 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። ስዊድኖች ስፖርትሎቭ የሚሉት የልጆች የብርድ ወራት ዕረፍት ሊጀምር፣ ዐቢይ ጾምም ሰኞ ሊገባ፣ ቅዳሜ ዕለት ሰርክ «ሲግቱና ሄደን እንዋል፣ አሮጌውን ከተማ እንይ፤ አንተም ና» አለችኝ። ሰርክ ስፖንጋ ሰፈር አንድ ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ጎረቤቴ ናት፤ በአረጋውያን ቤት ረዳት ነርስ ሆና ትሠራለች። እኔ ዮርድብሩ በሚባለው ሰፈር መጋዘን ስሠራ ነው የምውለው። እናቷ እማማ ተጂቱ እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ሲሄዱ የምደግፋቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ቆጥረውኛል።

ማርስታ ላይ ከባቡር ወርደን አውቶቡስ ስንሳፈር እማማ ከልጅ ልጃቸው፣ ከሰርክ ልጅ ከርሆቦት ጋር ፊት ተቀመጡ። ሰርክ ከእኔ ጎን ሆና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ እግሯን አታሳየኝም፣ ንጋቱ።»

«እንዴት?»

«ስኳር እግር ያደነዝዛል፤ ያለበት ሰው እግሩ መታየት አለበት። ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ከቮርድሴንትራል፣ ቀጠሮ ሰጧት፣ ቀረች። እንደገና ሰጧት፣ እንደገና ቀረች። እኔ የሰው እናት እግር ሳጥብ ነው የምውለው፤ የራሴን እናት እግር ካየሁ ዓመት አለፈኝ።»

«ምን ፈርተው ነው?»

«አጎቴ ካሳዬ ጣቱን ሊያሳይ ሆስፒታል ገብቶ በአንድ እግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያሳየ ይቆረጣል ነው የእሷ ነገር። ቁስል ካላት ደግሞ መደበቋ ነው የሚያስቆርጣት። እቤት ሳነሳባት ዳዊቷን ትከፍታለች። ዳዊት የያዘ ሰው እንዴት ይጨቀጨቃል? ወጣ ካልን ትሰማኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሲግቱና ትንሽ ከተማ ናት። ቤቶቿ የእንጨት፣ ጎንበስ ያሉ፤ ከታች ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሰው ይንሸራተትበታል። መንገድ ዳር ጽሑፍ የተፈለፈለበት ድንጋይ አገኘን፤ እማማ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ከጎኑ ያለውን ማብራሪያ አነበብኩና ልጅ ለአባቱ መታሰቢያ ያቆመው መሆኑን ነገርኳቸው።

«ተዝካር ነዋ» አሉ። «የበላው ሰው ይረሳል፤ ድንጋይ ይሻላል።»

«እማዬ፣ የአንቺን ግን እንበላዋለን» አለች ሰርክ።

«አውቃለሁ። ሆዳም ነሽ።»

ርሆቦት ሳቀች። አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

ከአንድ የመቃብር ቦታ መሐል የቅዱስ ኦሎፍ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ቆሟል። ግድግዳው ወፍራም ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ጣራ የለውም፣ በረዶው ውስጡ ድረስ ሞልቷል። እማማ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«የማን ነው?»

«የካቶሊክ ነበር፣ እማዬ» አለች ሰርክ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ የማንም አይደለም።»

«የሰው ባለቤት ከሌለው ባለቤቱ ይታወቃል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ንጋቱ፣ እንዲህ የፈረሰ ቤት ይሳለሙታል?»

የልጅነቴን ወሬ ነገርኳቸው፤ ቅዳሴ የሰማ ግድግዳ እኮ እስከሚለው ድረስ። የቀረውን እንደማላውቅም ጨመርኩ።

«የቀረው ግልጽ ነው» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ጫማቸውን አወለቁ።

ሰርክ «እማዬ፣ በረዶ ነው» ብላ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል በካልሲ ገብተው ነበር። ግድግዳውን ተሳለሙ። ከዚያ መሐል ላይ ቆመው አቡነ ዘበሰማያትን ጀመሩ። እኔም ቆቤን አውልቄ አብሬ ደገምኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ እግራቸው ላይ ነበር። በእኔ ቦት ጫማ ውስጥ እንኳ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። እሳቸው በረዶው ላይ ምንጣፍ እንደሆነ ቆመዋል፤ እግር አላነሱም፣ አልተቁነጠነጡም። አቡነ ዘበሰማያት አልቆ ሌላ ጸሎት ቀጠሉ።

ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

«ምንም አልበረደኝም። ቅንጣት! ቸርነቱን አያችሁ?»

ሰርክ ዓይኗን ከእግራቸው አላነሳችም። እሷ ያየችው ሌላ ነገር መሆኑ ገባኝ።

እማማን ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ርሆቦት ጫማቸውን ልታጫማቸው አንስታ በረዶውን ስታራግፍ ከውስጡ አንድ ትንሽ ነገር ወደቀ። አጎንብሳ አነሳችው። ጉትቻ ነው፣ ጀርባው እንደ መርፌ የሾለ። ርሆቦት አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ለእናቷ በስዊድንኛ አንድ ነገር አለቻት።

«ምን አለች?» አሉ እማማ።

ርሆቦት ራሷ፣ «አያቴ» የሚለውን ብቻ በስዊድንኛ ትታ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «የኔ ነው፣ ሞርሞር። ባለፈው እሑድ ጠፋ» አለች።

እሑድ ደግሞ እማማ በዚያው ጫማ ሄደው አስቀድሰዋል፤ አብሬያቸው ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉም ረግጠውታል። ካልሲያቸው ሥር፣ ተረከዙ ጋ፣ ቡናማ የደም ነጥብ አለ። እማማ ዓይናችንን ተከትለው አዩት። ጉትቻውን ከርሆቦት እጅ ወስደው ሹሉን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ጣታቸው ወዲያው ተሸማቀቀ።

«ይሄ ይዋጋል» አሉ ቀስ ብለው።

ሰርክ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ሻርፗን ፈትታ የእናቷን እግር ከነካልሲው ጠቀለለችው።

«አንተ ዝምተኛው» አሉኝ እማማ። «ቸርነት አይደለም ልትለኝ ነው?»

«እማማ፣ ቸርነት አይደለም አልልም። ግን በመቅደስ ጫማ የሚወለቀው መሬቱ እንዲሰማን ይመስለኛል። እርስዎ ግን ካልተሰማዎት...»

ሻርፑን እግራቸው ላይ አጠበቁት።

«ካሳዬ ቢዘገይ ነው አይደል የቆረጡት?»

«ቢዘገይ ነው፣ እማዬ» አለች ሰርክ። «ጥቁር እስኪሆን ደብቆት ነው። ይሄ ትንሽ ነው። ሰኞ እንሂድ።»

«ሰኞ ጾም ይገባል።»

«ማክሰኞ ይሁን።»

«እስከ ማክሰኞማ ሐሳቤን እቀይራለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።» ጉትቻውን ለርሆቦት መለሱላት። «ሰኞ ጠዋት ይሁን። ሴት ነርስ ትሁን። አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ፣ የሚሉትን ሳትቀንሺ ትነግሪኛለሽ። እንቁረጥ ካሉም መጀመሪያ ለእኔ ነው የሚነገረው፣ ለአንቺ አይደለም።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«ካልሲዬንም ማንም አይነካም» አሉ። «እኔ ራሴ አወልቄ አሳያታለሁ።»