አረንጓዴ ድሪል፣ ቢጫ ባትሪ

በአገሬ በእስቴ ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን ሲያጋባ ስጦታው እኩል መሆን አለበት። የወንዱ አባት በሬ ከሰጠ የሴቷም አባት በሬ ይሰጣል፤ ላም በላም፣ በግ በበግ። ይህን የሚያመዛዝን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌውም ከሠርጉ ይልቅ ፍቺውን እያሰበ ነው የሚያመዛዝነው። ሲለያዩ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ጋብቻ የለም። ውጭ አገር ስማር ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው «ፍቅር የሌለበት ነገር!» ይሉኝ ነበር። እነሱ ራሳቸው ጠበቃ ቀጥረው እንደሚጋቡ ትዝ የሚለኝ ሁልጊዜ ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

የአጎቴ የይስማው ልጅ ብሩክታዊትና እጮኛዋ እሱባለው በሬ አልፈለጉም። ሁለቱም ደብረ ታቦር ቴክኒክና ሙያ ገብተው እንጨት ሥራ የተማሩ ናቸው፤ የወረዳችን ከተማ መካነ ኢየሱስ ላይ በርና መስኮት የሚሠሩበት ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። መብራት ደስ ሲለው መጥቶ ደስ ሲለው የሚሄድበት ከተማ ስለሆነ፣ የጠየቁት በባትሪ የሚሠራ ድሪል ነው። መብራት ሲመጣ ባትሪው ይሞላል፣ ሲሄድ እንጨቱ ይበሳል። በበሬው ፋንታ ይህንን ስጡን አሉ።

አባቶቹ ተመካከሩ። እኔ አልነበርኩም፤ ብኖርም የሚሰማኝ አልነበረም። አጎቴ ይስማውና የእሱባለው አባት ቻላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰዎች ናቸው፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታያቸው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ጥማድ ይሆናል፤ ይታረሳል። ቀንበር የበሬ ዘር አይጠይቅም። ስለዚህ ማሽኑን ቻላቸው፣ ባትሪውን ከነቻርጀሩ ይስማው ሊገዛ ተስማሙ። እንዲያውም ከበሬ የተሻለ ሆኖ አገኙት። ከትዳር ሲወጣ በሬውን ነድቶ የሚኮበልል ባል ሞልቷል፤ ግማሽ ድሪል ይዞ ግን ማን ይኮበልላል?

ቻላቸው ደብረ ታቦር ሄዶ አረንጓዴ ማሽን ገዛ። ይስማው ባሕር ዳር ሄዶ ቢጫ ባትሪ ገዛ።

ስጦታው የሚታይበት ቀን መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ግቢ ተሰበሰብን። መሪጌታ ከቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ አስመስክረው የመጡ ሊቅ ናቸው፤ የሰፈሩ ጋብቻም ጠብም እሳቸው ፊት ሳይቀርብ አያልቅም። ቻላቸው ማሽኑን ከካርቶኑ አውጥቶ አጎዛው ላይ አስቀመጠ። ይስማው ባትሪውን ከጋቢው ሥር አወጣ።

«ይባርኩልን፣ የኔታ» አለ ቻላቸው።

«መጀመሪያ አጋጥሙት። ያልተጋጠመ ነገር ምኑን እባርከዋለሁ?»

አልተጋጠመም። ይስማው ገፋ፤ አዞረ፤ ገልብጦ ገፋ። ቻላቸው «ወዲህ በሉት፣ አያያዙን አላወቁበትም» ብሎ ተቀበለና በመዳፉ ነረተው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጥቂት ቅቤ ቢቀባ አለ። ሌላው ሞረድ ይምጣ አለ።

«ጋሼ፣ ተዉት፣ ይሰበራል» አልኩ። «የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ ነው። አይገጥምም።»

«እንዴት ነው የማይገጥመው?» አለ አጎቴ ይስማው። «የራዲዮኔን ድንጋይ አውጥቼ የእጅ ባትሪዬ ውስጥ ስከተው ይገባ የለም? ራዲዮኑ የሌላ አገር፣ የእጅ ባትሪው የሌላ አገር። ድንጋይ ድንጋይ ነው!»

የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። እኔ የተማርኩት ይህንኑ የባትሪ ነገር ነው። ተቀምጬ አስረዳኋቸው፤ ውስጥ ያሉት ድንጋዮች የአረንጓዴውም የቢጫውም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ምናልባትም አንድ ፋብሪካ የሠራቸው። ልዩነቱ አፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቦይ ነው። አንዱ ፋብሪካ እንዲህ ይቀርጸዋል፣ ሌላው እንዲያ፤ ይኸውም አንድ ጊዜ የእኔን የገዛ ሰው ዕድሜ ልኩን ወደ ሌላ እንዳይሄድ ብሎ ነው።

«አሃ» አሉ መሪጌታ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «በቁርባን ነዋ የሚያጋቡት። ፍቺ የለበትም።»

«እንደሱ ነው፣ የኔታ።»

«እኛስ ብንሆን? እስቲ የቆማን ዜማ የተማረና የቤተ ልሔምን ዜማ የተማረ አንድ ማኅሌት ላይ አቁማቸው። ቃሉ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፤ ዜማው ግን አፍ ላይ ሲደርስ አልገጥምም ይላል። ሲጎሻሸሙ ነው የሚነጋው።»

ሰው ሳቀ። አባቶቹ አልሳቁም።

«እንግዲያው ባትሪዎን ይለውጡታ፣ አያ ይስማው» አለ ቻላቸው።

«የእኔን? የእኔ ምን ሆነ?» ይስማው የባትሪውን ቁልፍ ተጫነ፤ ትንንሾቹ መብራቶች በሩ። «ይኸው፣ ይሠራል። አፉን የዘጋው የእርስዎ ማሽን ነው።»

«ማሽኑ ነው ቀድሞ የተገዛው።»

«ማን ቀድመህ ግዛ አለህ?»

«አንተስ ምን ባሕር ዳር ድረስ አስኬደህ? ደብረ ታቦር ባትሪ ጠፍቶ ነው?»

በዚህ ጊዜ ከአንቱ ወደ አንተ ወርደዋል። በእኛ አገር ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ዱላ ነው። ከሁለት አንዱ ዕቃውን ቢለውጥ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ግን የለወጠው ሰው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሁለቱም ደግሞ ስሕተት የሚባለውን ነገር በሰው ላይ ሲደርስ እንጂ በራሳቸው አይተውት አያውቁም። «ጥማዱ ሳይገጥም ሠርግ የለም» ተባብለው በየበኩላቸው ወጡ። ማሽኑ ወደ ቻላቸው ቤት፣ ባትሪው ወደ ይስማው ቤት ተመለሰ።

በማግሥቱ ብሩክታዊት የምከራየው ክፍል ድረስ መጣች። ከተመለስኩ ወዲህ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ ነው የምውለው፤ ምን እንደምሠራ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ አለኝ።

«ጥር አለቀ» አለች ሳትቀመጥ። «ጾም ከገባ ሠርጉ ፋሲካን ይሻገራል። አባቴ እስከ ፋሲካ ካኮረፈ ደግሞ አለቀ፣ ከዚህ በፊት ሽማግሌ ልኮብኝ ለነበረው ለእህል ነጋዴው ነው የሚሰጠኝ።»

«እምቢ በይዋ።»

«እምቢ ማለት የሚቀለው ሻንጣ ላለው ሰው ነው። ለመሆኑ አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትማር ነው የቆየኸው? ሁለት ፕላስቲክ ማገናኘት ያቅትሃል?»

ማገናኛ እንዳለ አውቅ ነበር። ባንድ ጎኑ ቢጫውን ባትሪ የሚቀበል፣ በሌላው ጎኑ አረንጓዴው ማሽን ውስጥ የሚገባ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የሚሠሩትም ከሁለቱም ፋብሪካ ያልሆኑ፣ ሁለቱም ፋብሪካ የማይወዷቸው ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ መርካቶ ለሚሠራ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልኝ። ዕውቀቴ ላገሬ የሚውልበት ቀን መጣ ብዬ፣ እውነቴን ነው፣ ሸሚዝ ተኩሼ ነው የሄድኩት።

መሪጌታ ግቢ እንደገና ተሰበሰብን። ማገናኛውን ባትሪው ላይ ሰካሁ፤ ባትሪውን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ቀጭ አለ። እሱባለው ያባቱን ፊት እየፈራ ይህን ሁሉ ቀን አፉን ሳይከፍት የከረመ ልጅ ነው፤ ማሽኑን ተቀበለኝና ባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ደቀነው። ዞረ፤ ጮኸ፤ በሳው። ሴቶቹ እልል አሉ። መሪጌታ ጣውላውን አንሥተው በቀዳዳው አጮልቀው አዩኝ።

«ይኸው ገጠመ» አልኩ።

«ቆይ» አለ ቻላቸው። «ይሄ መሀል የገባው ነገር የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ለሙሽሮቹ ስጦታዬ ነው።»

«አንተ የማን ወገን ነህ?»

«የሁለቱም።»

«የሁለቱም ወገን የሚባል ሰው የለም። የይስማው የወንድም ልጅ አይደለህም ወይ?»

«ነኝ።»

«በቃ! እነሱ ሁለት ሰጡ፣ እኔ አንድ። ልጄ በሚስቱ ዕቃ የሚኖር ሊባል ነዋ!»

ይስማው ጺሙን ዳበሰ። የወንድሙ ልጅ መሆኔ እንዲህ አስደስቶት አያውቅም። «እኛ እንግዲህ» አለ ለዘብ ብሎ፣ «ያለንን ነው የሰጠን። የሌለው ሰው ደግሞ አይፈረድበትም።»

«የሌለው? ማነው የሌለው?»

«ቆይ እስቲ፣ ሲፋቱስ?» አለ ቅቤ ይቀባ ያለው ሽማግሌ። «እሱ ማሽኑን ይወስዳል፣ እሷ ባትሪውን ትወስዳለች። መሀሉ ለማን ይደርሳል?»

«ለእኔ ይመለስ» አልኩ፣ ነገር ያበረድኩ መስሎኝ።

«የሰጠኸውን ልትነሳ?» አሉኝ በየፊናቸው። በዚያ ቀን አባቶቹ አንድ ድምፅ የሆኑት እኔን ሲገሥጹ ብቻ ነው።

ማሽኑ ይሠራል፤ ሠርጉ ግን እየፈረሰ ነው። በተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነት ብልሽት የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። ቻላቸው ማሽኑን ወደ ካርቶኑ ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ፣ ብሩክታዊት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ሙሽራ እንዲህ ባለ ቦታ አትናገርም፤ ነገሩ የሌላ ሰው ይመስል ጥግ ይዛ መሬት መሬት ታያለች እንጂ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝና አንዲት ነገር ልናገር።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተናገሪ።»

«ጋሼ ቻላቸው እውነታቸውን ነው። የእኛ ወገን ባንድ ዕቃ በልጧል። እኩል ካልሆነ እኔም አልፈልግም። ነገ ተነሥቼ ቤቱን የሞላሁት እኔ ነኝ እያልኩ ባሌን ብሰድበውስ? ጋሼ ቻላቸው አንድ ይጨምሩ።»

«እጨምራለሁ! ምን ልጨምር?»

«የማሽንዎን ባትሪ።»

«አረንጓዴውን? አንድ ብቻ? ሁለት ነው የማመጣው! እኔ ግማሽ ነገር ሰጥቼ አላውቅም» አለ፣ ከጥቂት ቀን በፊት ግማሽ ድሪል የሰጠው ሰው። «ሁለት! ከነቻርጀሩ!»

ይስማው ጣቶቹን ሲያጣጥፍ አየሁት። ማሽን፣ ባትሪ፣ ሌላ ባትሪ። በወዲህ በኩል ባትሪ፣ መሀል ገብ። በወዲህ በኩል አንድ ጣት አነሰበት።

«አሁን እኔ ልበለጥ ነው?» አለ።

«አንተም አንድ ትጨምራለሃ፣ አባዬ» አለች ልጁ፣ ዓይኗን ወደ መሬት መልሳ።

«ምን?»

«የባትሪህን ማሽን። ቢጫውን።»

«ይመጣል! አሁን ካላችሁኝ አሁን ይመጣል!»

መሪጌታ ጭራቸውን አፋቸው ላይ ጋርደው ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «ሦስት በሦስት፣ እኩል ነው» አሉ ሲበርድላቸው። «ሌላ የምትጨምሩት ካለ ቶሎ በሉ። ሙሽራዋ ገና የጨረሰች አይመስለኝም።»

አሁን ልጆቹ ሁለት ሙሉ ድሪል ሊኖራቸው ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ። የእኔ ማገናኛ ከእንግዲህ የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ያስተዋልነው እኔና እሱባለው ነን። ሁለታችንም ዝም አልን፤ እሱ አባቱን ፈርቶ፣ እኔ ደግሞ ጠቃሚ ሰው መስዬ ጥቂት መቆየት ስላማረኝ።

አርብ ጠዋት ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ በሁለቱ አባቶች መካከል ተቀምጬ ነበር። «ሦስተኛ ቀለም ይዘው እንዳይመጡ አብረህ ሂድ» ብላ የላከችኝ ብሩክታዊት ናት። አንዱ ማሽኑን፣ አንዱ ባትሪውን ጉልበቱ ላይ ታቅፏል። አይነጋገሩም።

«ማቴዎስ፣ ያንን ሰውዬ መስኮቱን ይዝጋ በለው» ይላል አጎቴ።

«ማቴዎስ፣ ብርድ የሚፈራ ቤቱ ይቀመጥ በልልኝ» ይላል ቻላቸው።

የዕቃ መደብሩ ባለቤት የምንፈልገውን ሰምቶ ጨረሰና ራሱን አከከ። «ይህን ሁሉ ለየብቻ ከምትገዙ ቀዩን ልስጣችሁ። ማሽኑም ባትሪውም ቻርጀሩም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለት ሳጥን ውሰዱ፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይገጥማል፣ ዋጋውም ይቀንስላችኋል። የያዛችሁትንም ተቀብዬ እሸጥላችኋለሁ።»

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ልክ ነው ልል አፌን ከፈትኩና የመሪጌታን ግቢ አስታውሼ ዘጋሁት።

አባቶቹ ተያዩ። አውቶቡስ ከተሳፈርን ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«ቀይ?» አለ ይስማው።

«ሁሉም ቀይ» አለ ቻላቸው።

«ታዲያ የቱ የእኔ፣ የቱ ያንተ ሊባል ነው?»

«እሱን አይደል የምልህ! ባለቤቱ የማይታወቅ ዕቃ!»

«ባለቤት የሌለው ዕቃ ለልጆቻችን!»

ነጋዴው ላይ እየተደጋገፉ ሳቁበት። ቻላቸው እንዲያውም የአጎቴን ትከሻ ያዝ አደረገ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ ባይኑ ጠየቀኝ፤ እኔ ጣራውን አየሁ። ከዚያ ቢጫ ማሽን አወጣ፤ አረንጓዴ ባትሪዎችና ቻርጀር አወጣ። አንድ በአንድ አስገባኋቸው።

ስልኬ ጮኸ። ብሩክታዊት ናት።

«ገጠመ?»

«ገጠመ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«አባቴስ?»

ዞሬ አየሁ። አጎቴ ባንድ እጁ ያንዱን ቀለም ባትሪ፣ በሌላው የሌላውን ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። «አረንጓዴው ከበድ ይላል ልበል?» ይለዋል ነጋዴውን። ቻላቸው ፈገግ ብሏል።

«እየመዘነ ነው» አልኳት።

«በማርያም!» አለች። «ጠላው ደርሷል፣ በጉ ተገዝቷል። አስጥለውና ቶሎ ይዘሃቸው ና!»

ባትሪዎቹን ከእጁ ቀምቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፤ ሁለቱንም ከፊቴ አስቀድሜ ወደ መናኸሪያው ነዳኋቸው።