የተበደሩት ጠብ

ባስልዮስ ጅግጅጋ ቢሮው ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ክብ ሥዕል ከገዛ ልጆቹ ፎቶ አብልጦ ይወደው ነበር። ግጭት ድህነትን ይወልዳል፣ ድህነት እርዳታን ይጠራል፣ እርዳታ ልማትን ያመጣል፣ ልማት የጎደለበት ደግሞ ተመልሶ ይጋጫል። አራት ቃል፣ አራት ቀስት። የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ይህችን እንዲማር አዳማና ናይሮቢ ድረስ ወርክሾፕ ልኮታል። ባስልዮስ በወታደር አያቱ ዘመን ጅግጅጋ የሰፈረ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሶማሊኛው እንደ አማርኛው ነው፣ ልቡም ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን ማውራት ይቀለኝ ነበር።

በ2014 ዓ.ም.፣ ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር፣ ሻርማርኬ የሚባል ሽማግሌ ከሀርሺን ወዲያ ካለችው ዳማል መንደር መጥቶ ከዚያ ክብ ፊት ተቀመጠ። የዳማል ሰው የሚጠጣው ከብርካ ነው፤ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ ከተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ። ብርካው ተሰንጥቋል። ሻርማርኬ የፈለገው ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶና አንድ ግንበኛ ነው። የሚቀጥለው ዝናብ ሳይደርስ ስንጥቁ ካልተደፈነ መንደሩ ይበተናል።

«አዴር ሻርማርኬ፣ በጀቱስ አለ» አለ ባስልዮስ፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። «ግን በግጭት ለተጎዱ ብቻ ነው። ከጎረቤት ጋር አልተጣላችሁም?»

«ጎረቤታችን የቡርዓድ መንደር ነው። ልጄን ዴቃን የዳርኩት እዚያ ነው።»

«ድሮስ? የግጦሽ ጠብ እንኳን?»

«አባቴ አንዴ ከነሱ አንዱን ሰድቦ ነበር። ከዚያ አብረው ሐጅ ሄዱ።»

ባስልዮስ ከልቡ አዘነ። ሻርማርኬ ክቡን ብዙ አየውና «እዚህ ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?» ሲል ጠየቀ። ባስልዮስ በትህትና ጣቱን ግጭት የሚለው ቃል ላይ አሳረፈ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሻርማርኬ ቡርዓድ ሄደና የዴቃ አማት ከሆነው ከመንደሩ ሽማግሌ ከሳማታር ጋር ሻይ እየጠጣ ጉዳዩን አወጣ።

«ጠብ አበድረኝ» አለው። «ብርካው ሲጠገን የእናንተም ከብት ከኛ ይጠጣል።»

«ምን ያህል ጠብ?»

«ትንሽ ይበቃል። አንድ የተፈነከተ ሰው።»

ሳማታር ከት ብሎ ሳቀና የወንድሙን ልጅ ጌዲን አስጠራ። ጌዲ ሥራ የለውም፤ ማግባት ይፈልጋል፣ ለጥሎሽ የሚሆን ግመል ግን የለውም። ጫት እንዲገዛለት ብቻ ጠይቆ ራሱን በሻሽ አስጠቀለለ። ደም የመሰለው ሂና ነው፤ የቀባችውም ዴቃ ናት።

የድርጅቱ ሰዎች ሲመጡ ሁለቱ መንደሮች ከድሮ ጀምሮ በሚዳኙበት ትልቅ ግራር ስር ተሰበሰቡ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ኃላፊ ሶሲና ትባላለች። ሻርማርኬ ብድግ ብሎ «የእኛ ሰው ይህን ልጅ በዱላ ፈንክቶታል» አለ። ሳማታር «እውነት ነው» አለ። ጌዲ አቃሰተ፤ ትንሽ አበዛው። ሶሲና እንባዋን ጠረገች፤ ሥር የሰደደ ቂም በዓይኔ አየሁ አለች። ሲሚንቶው ተፈቀደ።

ዳማል በደስታ ሰነበተች። ጌዲ ግን ሻሹን አልፈታም።

የሶማሌን ሄር፣ የሽማግሌዎቹን ሕግ፣ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እዚያ ግራር ስር፣ በሁለቱም ወገን ሽማግሌ ፊት ያመኑት ነገር ተደርጓል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ የለም። ጌዲ ይህ ነገር የበራለት ጫቱን ቅሞ ሲመረቅን ነው። «ተፈንክቻለሁ፤ የፈነከተኝም ወገን አምኗል። የደም ካሳ ግመሌን አምጡ» አለ።

ሻርማርኬ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳማታር አለመሳቁን አየ።

«ሂና መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን» አለ ሳማታር አፍሮ። «ግን እዚያ ስር ቀልድ የለም። ዛሬ ቃልህን ካፈረስን ነገ የእውነት ሰው ሲሞት በምን እንዳኛለን?»

ያናድዳል እንጂ እውነቱን ነው። ሻርማርኬ ራሱ በዚያ ዛፍ ስር ስንቱን በቃሉ ይዞ አስከፍሏል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

የሻርማርኬ ልጅ ባሺር ነገሩን ሲሰማ «ግመል የምንከፍል ከሆነማ የከፈልንበትን እንምታው እንጂ» ብሎ ዱላውን አነሳ። ጌዲን መንገድ ላይ አገኘውና ሂናው ላይ አሳረፈበት። በዚህኛው ጊዜ ጌዲ አላቃሰተም፤ ወደቀ። ቡርዓዶችም መጥተው የዳማልን ልጆች ክንድ ሰበሩ። ዴቃ በተኛችበት ቤት የጠላት ልጅ ሆና አደረች። «አባቴ ጠብ ተበድሮ ሄደ፤ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ» አለች ይባላል።

ሲሚንቶ የጫነው መኪና ሀርሺን ደርሶ ተመለሰ። ሻርማርኬ ስልክ ደወለ።

«አዴር፣ አካባቢው ግጭት አለበት ተብሏል» አለ ባስልዮስ። «ደንባችን ግጭት ያለበት ቦታ አያስገባንም።»

«ግጭት የለም ብለህ ከለከልከኝ እኮ።»

«እኛ የምንረዳው በግጭት የተጎዳውን ነው። አሁን እየተጋጨ ያለው የሌላ ክፍል ነው።»

«እስኪያልቅ ከየት ልጠጣ?»

ባስልዮስ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ክቡ ላይ ውሃ የሚል ቃል የለም።

ዝናቡ መጣ። ብርካው ሲሞላ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው፤ ሲጎድልም ቆሞ አየው። ከዚያ ዳማል የተረፏትን ፍየሎች እየነዳች፣ ፍየል ያለቀበትም ልጁን አዝሎ፣ ጅግጅጋ ዳርቻ ላስቲክ ስር ገባች። እዚያ የግጭት ተፈናቃይ ተብለው ተመዘገቡና በቦቴ ውሃ ይመጣላቸው ጀመር። የቦቴው ነዳጅ ስንት ብርካ እንደሚያስጠግን የጠየቀ የለም። የሌላ ክፍል ነዋ።

ሻርማርኬ ግመሎቹን ከፍሎ በዚያው ግራር ስር ከሳማታር ጋር ታረቀ። ሶሲና ግን እርቁን የድርጅቱ ፍሬ አድርጋ የምረቃ በዓል ደገሰች። ሻርማርኬን ከላስቲኩ ስር በላንድክሩዘር አንስተው ሰው የሌለባት ዳማል አወረዱት። ከደረቀው ብርካ አጠገብ ትልቅ የብረት ሰሌዳ ቆሟል፤ «ሰላም ለልማት፣ ልማት ለሰላም» ይላል። ነፋስ እንዳይጥለው እግሩ በወፍራም ኮንክሪት ተቀብሯል፤ ገና እርጥብ ነው።

ሻርማርኬ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። ጥሩ ሲሚንቶ ነበር።

«የተረፈ አለ?» ሲል ግንበኛውን ጠየቀ።

ግንበኛው ባልዲ ውስጥ የቀረውን ጠራርጎ ሰጠው። ሽማግሌው በሁለት እጁ ይዞ ብርካው ውስጥ ወረደና ስንጥቁ ላይ ለጠፈው። አንድ ክንድ እንኳ አልሸፈነም። ባስልዮስ ከላይ ቆሞ አየው፤ ካሜራው እየጠበቀ ነበርና ጠራው።

«አዴር፣ ከሳማታር ጋር ሲጨባበጡ ፎቶ እናነሳዎታለን። እጅዎን ይታጠቡ» አለና አንድ ሃይላንድ ውሃ ከፍቶ ሰጠው።

ሻርማርኬ ተቀብሎ ግማሹን ጠጣና ለሳማታር አቀበለው። ሳማታር የቀረውን ጨረሰው። ለእጅ መታጠቢያ አልተረፈም።