የዕንቈ ባሕርይ ዕረፍት

ክብርና ሞገስ የተቀዳጀ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን የሰው እጅ ሥራ፣ የአገልግሎቱ ዘመን ሲፈጸም ከሞት የሚከብድ ፈተና ይጠብቀዋል፤ እርሱም ለዓይን ብቻ መኖር ነው። አንባቢ ሆይ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለች አንዲት የወደብ ከተማ የታሰረችው ታላቂቱና ግርማዊቷ ሐመር ዕንቈ ባሕርይ የገጠማት ይኸው ነበር። በጉብዝናዋ ወራት መኳንንትንና ነጋድያንን፣ ተሳላሚዎችንና ስደተኞችን ተሸክማ ውቅያኖስ ስታቋርጥ ኖራ፣ ባረጀች ጊዜ ለጎብኚዎች መደሰቻ ትሆን ዘንድ ሞተሯ ወጥቶ ስፍራው የግብዣ አዳራሽ ሆነ፤ መልሕቆቿ ተነቅለው በወደቡ በር ለጌጥ ቆሙ፤ በነፍስ አድን ጀልባዎቿም አፈር ተሞልቶ አበባ ተተከለ። ሊቀ ሐመሯ የነበሩት አረጋዊው ካፒቴን ዘድንግልም የቀድሞ የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው እንግዳ እንዲያስጎበኙ ሲጠየቁ፣ ከእርሷ መለየት ስላልሆነላቸው እያዘኑ እሺ አሉ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ አዳራሹ በሰርግ እድምተኞች ተሞልቶ ሳለ፣ ከየብስ የተነሣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ማሰሪያ ገመዶቿን በጣጥሶ ሐመሪቱን ወደ ባሕሩ ገፋት። ካፒቴኑ የነፋሱን አቅጣጫ አይተው አደጋውን ተረዱ። በመንገዷ ላይ ከውሃ በታች የተሸሸገ ስለታም ቋጥኝ፣ ከቋጥኙም ወዲህ የአሸዋ ደለል እንዳለ ያውቃሉ፤ ሞተርና ጭነት የሌላት ሐመር ቀልላ ስለምትንሳፈፍ አሸዋውን ሳትነካ አልፋ በቋጥኙ ላይ ትሰበራለች፤ ውሃ ገብቶባት ከከበደች ግን አሸዋው ይይዛታል። ይሁንና ውሃው እስኪሞላ ጊዜ ይፈጃልና ገና በጥልቁ ላይ ሳሉ መጀመር ግድ ነው፤ ነፋሱ በመካከል ቢያርፍ ከነሕዝቡ መስጠሟ ነው። የታችኛው ክፍል ቁልፍ በአስተዳዳሪዋ በወይዘሮ አምሳለወርቅ እጅ ነበርና ሄደው ሐሳባቸውን ገለጡላት። እርሷም ጎታች መርከብ እንደተጠራና ጥቂት መታገሥ እንደሚሻል ነገረቻቸው።

«አባቴ፣ ሙሽራዪቱ እኅቴ ናት። ተሳስተው ቢሆንስ?»

«ልሳሳት እችላለሁ፣ ልጄ። ቋጥኙ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።»

ቁልፉን ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ወርደው ዕድሜያቸውን በሙሉ ከውሃ የጠበቋትን ሐመር የሆዷን በሮች በገዛ እጃቸው ለባሕር ከፈቱ፤ ከዚያም እድምተኛውን ሁሉ ወደ ላይኛው ወለል አውጥተው አስቀመጡ። ወለሉ መዝመም፣ ሕፃናት ማልቀስ በጀመሩ ጊዜ የተፈራው ደረሰ፤ ነፋሱ ፀጥ አለ። ሐመሪቱ በጥልቁ ላይ ቆመች፤ ከታች ግን ውሃው ያለማቋረጥ ይገባል። አምሳለወርቅ የእኅቷን እጅ ጨብጣ ካፒቴኑን ተመለከተቻቸው። ወዲያው ከወደ የብስ እንደገና ሽውታ መጣ፤ ዐውሎውም በርትቶ ተመለሰ፤ ዕንቈ ባሕርይ እየከበደች ተጎትታ ከብዙ ሲቃ በኋላ በአሸዋው ላይ ተቀመጠች። ዓሣ አጥማጆች በየጀልባዎቻቸው መጥተው ሕዝቡን አወረዱ፤ የጠፋ ነፍስም አልነበረም።

ሐመሪቱ ግን ዳግመኛ አልተነሣችም። ባለቤቶቿ ንብረት አጥፍተሃል ብለው ካፒቴኑን ከሰሷቸው፤ አምሳለወርቅ ቁልፉን የሰጠሁ እኔ ነኝ ብላ ከጎናቸው በመቆሟ ክሱ ቀረ። እርሳቸውም ስለዚያ ቀን በተጠየቁ ቁጥር ስለ ሰዎቹ መዳን ብቻ ይናገሩ ነበር። ስለሚወዱት መሞት ለብዙዎች ተችሏል፤ የሚወዱትን ስለ ሌሎች ሕይወት በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት ግን ከጥቂቶች በቀር የቻለው የለም።