ሁለት የግራ ጓንቶች

ጋነት ኮቭ ውስጥ ክረምት የሚገባው በረዶ ሲጥል አይደለም። በረዶማ በጥቅምትም ይጥላል፣ ሲያሰኘው በግንቦት ይመለሳል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ክረምት ገባ የሚባለው ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ትራይፊና ኪፒንግ ጓንቶቿን በዱቄት ከረጢት ይዛ ከደጅ ደጅ ስትዞር ነው። መንደሩ ውስጥ ከእሷ ሌላ ያለው ሠላሳ አንድ ነፍስ ነው። ለሠላሳ አንዱም በእጇ ትሠራለች።

የዚያ አገር ጓንት አውራ ጣትና አመልካች ጣት ለየብቻ ቤት አላቸው፤ የቀሩት ሦስቱ አንድ ላይ ይተኛሉ። የጠመንጃ ምላጭ ለመሳብም ሆነ የመንጠቆ ገመድ ለመያዝ አመልካች ጣት ነፃ መሆን አለበት። ስለዚህ ግራው ለቀኝ፣ ቀኙ ለግራ አይሆንም። ትራይፊና የእያንዳንዱን ሰው እጅ ቡናማ ወረቀት ላይ በእርሳስ አስምራ፣ ስሙን ጽፋ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልጅ ሲያድግ ወረቀቱ ይቀየራል፤ ሰው ሲሞት ግን ወረቀቱ አይወጣም። የቄሱ እጅ እንደ ሕፃን እጅ ትንሽ መሆኑን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች፤ ምስጢሩንም ለባሏ ለአምብሮዝ እንጂ ለማንም አልነገረችም። አምብሮዝ ለሁሉም ነገረ።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጀልባ የሚታሰርበት ሳንቃ አዳልጧት ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ፣ እስከ ጥር መጨረሻ ክር እንዳትነካ አስጠነቀቃት። በዚያን ጊዜ ያለቀላት ዐሥራ ዘጠኝ ጥንድ ነበር። ዐሥራ ዘጠኙን አደለች። የቀሩት ዐሥራ አንድ ሰዎች ቤት ባዶ እጇን ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች።

"ምን ችግር አለው አክስት ፊኒ? ያምናው መች አለቀና" አሏት፣ ሁሉም በየተራ፣ ፈገግ እያሉ። ሻይ ጋበዟት። ክፉ ቢናገሯት ይሻላት ነበር።

ዐሥራ ዘጠኝና ዐሥራ አንድ ሠላሳ ነው። ሠላሳ አንደኛዋ ታናሽ እህቷ ድሩሲላ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ መንግሥት የመንደሩን ሰው ሰብስቦ "ትሄዳላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ?" ብሎ ድምፅ አሰጠ። ብዙው እሄዳለሁ ካለ መብራቱም ጀልባውም ይቋረጣል፣ ሁሉም ወደ ከተማ ይገባል። ድሩሲላ ጉልበቷ ደክሟል፣ ልጇም ያለችው ሴንት ጆንስ ከተማ ነው፤ እንሂድ ባይ ነበረች። ትራይፊና አልሄድም አለች። በሁለት ድምፅ ጉድለት ቀሩ፤ ሁለቱ የትራይፊናና የአምብሮዝ እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም። ድሩሲላ አዳራሹ መሐል ቆማ፣ "አንቺማ ለምን ትሄጃለሽ? እዚህ ንግሥት ነሽ። ከተማ ብትገቢ ጓንት በየሱቁ ሞልቷል፤ ያለ ጓንትሽ ማን ይፈልግሻል?" አለቻት።

የትራይፊና ፊት ነጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ካፌ አይወጣም" አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣም። ስለ እህቷ መናገር ግድ ሲሆንባት "የዚያ ማዶዋ" ትላለች፤ ቤቱ ከውሃው ማዶ፣ ከወጥ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ነውና።

ስም መጥራቱን ተወች እንጂ ጓንቱን አልተወችም። በየክረምቱ ሠላሳ አንደኛውን ጥንድ ትሠራና መሳቢያ ሥር ትደብቀዋለች። ሦስት ጥንድ ተጠራቅሟል። አምብሮዝ ያውቃል፤ ማታ ማታ ለጸሎት ስትንበረከክ አልጋው ላይ ሆኖ፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይላታል።

"አንተ ሰውዬ ዝም ብለህ ተኛ" ትለዋለች።

ገና አለፈ። በአራተኛው ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ትራይፊና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ በጀሶ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ነበር። መስኮቱን ላለማየት ትሞክራለች። ያ አዳራሽ ውስጥ የተነገራት ቃል ዘንድሮ ሥጋ ለብሶ መጥቶባታል። እጄ ሥራ ፈታ፤ ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ይህን ለአምብሮዝ አልነገረችውም፤ በቀልድ ይመልስብኛል ብላ ፈራች።

በሩ በዱላ ሦስቴ ተመታ።

"ጭምብለኛ ይገባል?" አለ ከውጭ አንድ ድምፅ። በገና ሰሞን ፊታቸውን ሸፍነው ከቤት ቤት የሚዞሩት ጭምብለኞች ድምፃቸው እንዳይታወቅ ወደ ውስጥ እየተነፈሱ ነው የሚናገሩት።

"ስንት ናችሁ?" አለ አምብሮዝ።

"አንድ።"

"ብቻውን የሚዞር ጭምብለኛ? ይሄ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው" አለና ከፈተ።

የገባው ሰው የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ደርቧል፣ ሆዱን በትራስ ወጥሯል፣ ከባርኔጣው ሥር የመስኮት መጋረጃ ፊቱ ላይ ወርዷል። ወለሉ መሐል ቆሞ አንዴ ዞር ዞር ብሎ ጨፈረ። አንደኛው ጉልበቱ አልታዘዝ አለው።

የጨዋታው ሕግ አንድ ነው። ስሙ የተጠራ ጭምብለኛ ፊቱን ይገልጣል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ያልተጠራ እንደመጣ ይሄዳል፤ በማግስቱ ቢያገኙትም "አንተ ነበርክ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

"ሆዱን አየሽው? ክላረንስ ነው" አለ አምብሮዝ።

"ክላረንስ ትራስ መች ያስፈልገዋል" አለች ትራይፊና።

ጭምብለኛው ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው ቄሱ ናቸው።"

ጭምብለኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳየ።

"እውነትም፤ ይሄስ የትልቅ ሰው እጅ ነው" አለ አምብሮዝ።

ትራይፊና ያን ጊዜ እጆቹን አየች። እሷ ቤት የሚመጣ ጭምብለኛ ሁሉ እጁን በካልሲ ሸፍኖ ነው የሚመጣው። የእሷን ጓንት አድርጎ የመጣ ከበሩ ላይ ይታወቃል፤ የማንን እንደሠራች አትረሳምና። ይህ ሰው ግን ጓንት አድርጓል፣ ጓንቱም የእሷ ሥራ አይደለም። ግራጫና ቀይ ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ታንቋል፣ ሌላ ቦታ ላልቷል። የግራው እንደምንም ደህና ነው። የቀኙ ግን አውራ ጣቱ በተቃራኒ በኩል ወጥቷል፣ የአመልካች ጣቱ ቤትም ባዶውን ተንጋዷል።

ሁለቱም ግራ ናቸው።

በዓለም ላይ እንዲህ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። እናታቸው ሁለቱንም አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ስታስተምር፣ የዘጠኝ ዓመቷ ድሩሲላ ግራውን ትጨርስና ቀኙን ብላ ሌላ ግራ ትሠራ ነበር። እናታቸው በሳቅ ትፈርስና ትተረትርባት ነበር። አንዱን ጥንድ ግን አባታቸው ነጥቀው ክረምቱን ሙሉ ባሕር ላይ አደረጉት። ምነው ሲሏቸው፣ "እጅ ከሞቀ ግራና ቀኝ አይልም" ይሉ ነበር።

ስሙ ትራይፊና ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ሦስት ዓመት የተቆለፈ በር ቁልፉ ቢገኝም ቶሎ አይዞርም።

"እኔ ተሸነፍኩ" አለ አምብሮዝ ጣሪያውን እያየ። ሲያምታታ የቆየው ሆን ብሎ እንደነበር ያኔ ገባት። "አንቺስ ፊኒ? ስም ጥሪ እስቲ።"

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንጣጣ። ጭምብለኛው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀና ጠረጴዛው ላይ፣ ከጀሶው እጅ አጠገብ አስቀመጣቸው። ባዶ እጆቹ ያረጁ ናቸው፤ የአጥንቶቹ እብጠት ከትራይፊና እጅ ጋር አንድ ነው። ዞሮ በሩን ከፈተ። ብርዱ ገባ።

አሁን ከሄደች ሕጉ ሕግ ነው። ነገ ማንም አንቺ ነበርሽ ወይ አይላትም።

"ድሩሲላ" አለች ትራይፊና። ድምፁ ተሰንጥቆ ነው የወጣው። "ድሩሲላ ናት። የእናቴ ልጅ።"

ጭምብለኛዋ በሩን ዘጋች። መጋረጃውን ገለጠች፤ መነጽሯ በጉም ተሸፍኗል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል።

"ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ስም መጥራት አቅቶሽ?" አለች።

"እጄ ተሰብሮብኝ።"

"ስም በእጅ ነው እንዴ የሚጠራው?"

አምብሮዝ የሮም አረቄውን ላምጣ ብሎ ጓዳ ገባ። ጠርሙሱ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ ሲፈልግ ቆየ።

"ሁለቱም ግራ ናቸው" አለች ትራይፊና ጓንቶቹን እያገላበጠች።

"አውቃለሁ።"

"በስድሳ ስምንት ዓመትሽ ዛሬም..."

"አውቃለሁ አልኩሽ። እሑድ ለት ጨርሼ አየሁትና ልተረትረው ነበር። ከዚያ ተውኩት። በደንብ ብሠራው እኔ መሆኔን በምን ታውቂ ነበር?"

ትራይፊና አለቀሰች። በግራ እጇ ለመጥረግ ስትታገል ድሩሲላ በመጋረጃው ጫፍ ጠረገችላት።

"ያን ቀን ያልኩሽ..." ብላ ጀመረች ድሩሲላ።

"ስፈራው የኖርኩትን ነው አደባባይ ያወጣሽብኝ።"

"እኔስ? አንቺን ትቼ መሄድ ፈርቼ እኮ ነው፣ ሁላችንም እንሂድ ስል የከረምኩት።" ድሩሲላ ትራሱን ከሆዷ ጎትታ አወጣች። "አሁን ግን መሄዴ አይቀርም፣ ፊኒ። በግንቦት ልጄ ትወስደኛለች። ጉልበቴ እምቢ አለ።"

ትራይፊና አገኘኋት ስትል ልታጣት ነው፤ ሦስቱ ዓመታት አሁን ገና ቆጫት። ከዚያ ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተችና ሦስቱን ጥንድ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ድሩሲላ አንዱን ጥንድ አጠለቀች። ልክ ነበር፤ የእጇ ወረቀት ከቆርቆሮው ወጥቶ አያውቅም።

"ስንት ሰው ቀረብሽ?" አለች ድሩሲላ ከቀረበላት ኬክ ስትቆርስ።

"ዐሥራ አንድ።"

"እኔ የምችለው ግራ ብቻ ነው።"

"ግራ ግራውን ሥሪያ። የቀኙን እጄ ሲፈታ እደርስበታለሁ።"

"ድሮም እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" አለ አምብሮዝ ጠርሙሱን ይዞ ብቅ ሲል።

በዚያ ክረምት ዐሥራ አንድ የጋነት ኮቭ ሰዎች፣ ቄሱም ጭምር፣ ግራ እጃቸውን በአዲስ ጓንት አሙቀው ቀኛቸውን ኪሳቸው ከተው እስከ መጋቢት ከረሙ። ማንም አላማረረም። በግንቦት ድሩሲላ ሄደች፤ እህቷ ወደቡ ድረስ ሸኘቻት፣ የሠላሳውንም ሰው የግራ እጅ ወረቀት ገልብጣ ሰጠቻት።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጀልባዋ ከሴንት ጆንስ አንድ ካርቶን አመጣች። ትራይፊና ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ከፈተችው። ሠላሳ የግራ ጓንት፣ እያንዳንዱ ስሙ ተጽፎበታል። እሷም ሠላሳ የቀኝ ሠርታ ጨርሳለች፤ አንድ በአንድ አገናኝታ በክር አሰረቻቸው። ከካርቶኑ ሥር አንድ ግራጫና ቀይ ጓንት ለብቻው ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ "ይሄኛውን ሰባት ጊዜ ተረተርኩት" ይላል።

አጠለቀችው። አውራ ጣቱ በቦታው፣ የአመልካች ጣቱም ቤት በቦታው ነው። ቀኝ ነበር። ድሩሲላ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን የቀኝ ጓንት ሠርታላታለች።

ትራይፊና ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ብዙ አየችው። ከዚያ አወለቀችና ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከድሩሲላ የእጅ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ያምናዎቹን ሁለት የግራ ጓንቶች በሁለት እጇ አድርጋ ከረጢቷን ተሸከመችና ለማደል ወጣች።